ባለ ሣጥኗ አሮጊት በእኔ ድምፅ

ለእትዬ፣

ወግ ነውና ሰላምታ ላስቀድም። እንደምን ከረምሽ? ያ ሳልሽ ተወሽ? ባለቤትሽስ ወገቡ ተሻለው? እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም። እግሬ ይሄዳል፣ ምግብም ይበላልኛል፣ ነገር ግን ካለፈው እሑድ ጀምሮ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ነው የምውለው። ስልክ ያልደወልኩልሽ ሆን ብዬ ነው። አንቺ በስልክ አፈ ጮሌ ነሽ፤ ሳላስበው ታስቂኝና የተቆጣሁበትን ታስረሺኛለሽ። ዛሬ ግን መሳቅ አልፈልግም።

ምን ሆንሽ ትይኝ ይሆናል። ምን ያልሆንኩት አለ! ሃያ ሁለት ዓመት ሕፃን ባቀፍኩበት መዋያ ቤት፣ ዛሬ ኩሽና ውስጥ ተቀምጬ ድንች እልጣለሁ። አለቃችን ማላን፣ ያቺ ስትቀጠር አፍንጫ እንዴት እንደሚጠረግ እንኳ ያሳየኋት ልጅ፣ የወላጆቹ ስብሰባ እስኪያልፍ ድረስ ከሕፃናቱ ዘወር በይልን አለችኝ። ዘወር በይልን! እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ይህን ሁሉ ያመጣብኝ ያንቺ የገና ፊልም ነው።

ጥቅምት ላይ የደወልሽልኝን አስታውሺ። አድኚኝ አልሽኝ። የገና ካርቱን ወደ ቋንቋችን ወደ ፋሮኛ እየመለስን ነው፣ ባለ ሣጥኗን አሮጊት የምትሆነው ተዋናይ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ቀኑ ደርሷል፣ ሌላ ሰው የለም አልሽ። እውነትሽን ነው፣ ሌላ ሰው የለም። እኛ አሥራ ስምንት ደሴት ላይ ተበትነን የአንድ ትልቅ ከተማ ሠፈር የማንሞላ ሕዝብ ነን፤ በካርቱን ሁሉ የሚያወሩት እነዚያው አምስት ሰዎች ናቸው። አንበሳውም፣ ልዑሉም፣ አፍ ያወጣው የጭነት መኪናም ያው የአናጢው የሃኑስ ልጅ ነው። እኔ ተዋናይ አይደለሁም ብልሽ፣ አንቺ ልጅ ማስተኛት ታውቂበታለሽ፣ የአሮጊቷም ሥራ ማስተኛት ነው ብለሽ ሳቅሽ። ሞኟ እኔም አብሬሽ ሳቅኩ። በማግስቱ ከባሕር በታች ባለው ዋሻ መኪናዬን ነድቼ መጣሁልሽ።

ግድግዳው ሁሉ ፍራሽ በተለጠፈበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆልፈሽ ሙሉ ቀን አስጮህሽኝ። ሳቂ አልሽኝ፣ ሳቅኩ። አጉረምርሚ አልሽኝ፣ ጉሮሮዬ እስኪደማ አጉረመረምኩ። እሱስ ይሁን። ማታ ልንጨርስ ስንል፣ አሮጊቷ ልጆቹን ሣጥን ውስጥ ከመክተቷ በፊት የምታንጎራጉርበት ቦታ ቀረ አልሽ። የውጭው ዘፈን በእኛ ቋንቋ አልገባ ብሎሻል፤ ቃል አያስፈልግም፣ የምታውቂውን አንጎራጉሪ አልሽኝ። እኔ ደግሞ የማውቀው አንድ ነው። የእማዬን።

ቀን ቀን እኩለ ቀን ላይ ጋሪዎቹን ውጭ ክዳኑ ሥር ደርድሬ፣ ሕፃናቱን በሱፍ ጠቅልዬ፣ ያንን ዜማ እያንጎራጎርኩ ከጋሪ ጋሪ እሄዳለሁ። ሦስተኛው ጋሪ ጋ ስደርስ የመጀመሪያው ተኝቷል። ነፋስ ይንፈስ፣ በረዶ ይዝነብ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከሽፎ አያውቅም። ያንኑ አንጎራጎርኩልሽ። አንቺ ከመስታወቱ ወዲያ ማዳመጫውን አውልቀሽ፣ ልክ እሷን ነው፣ እንዳትነኪው፣ ድጋሚ አንቀዳም አልሽና ወጣሽ። ማጨስ ካቆምሽ ስድስት ዓመት የሞላሽ ሴትዮ ደጅ ቆመሽ ስታጨሺ በመስኮት አየሁሽ። እኔማ ድንቅ ነሽ ያልሽኝ መስሎኝ እየተኩራራሁ ወደ ቤቴ ነዳሁ።

እሑድ ዕለት፣ ከገና በፊት በየእሑዱ ከሚበሩት አራት ሻማዎች የመጀመሪያው በበራበት ቀን፣ ፊልሙ በመንደሩ አዳራሽ ታየ። ማስታወቂያው ላይ ለመላው ቤተሰብ ይላል። አንቺም ጋዜጣ ላይ ከሦስት ዓመት ሕፃን እስከ ሰማንያ ዓመት አያት አብሮ የሚያየው ነው ብለሻል፤ ቆርጬ ማቀዝቀዣዬ ላይ ለጥፌው ነበር። አሁን ቀድጄዋለሁ። ሰው ሁሉ መጣ። አያቶች ሹራባቸውን ይዘው፣ አባቶች ከጀልባ ወርደው፣ ሕፃናት ብስኩታቸውን ጨብጠው። እኔ ከፊት ከልጆቼ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለትልልቆቹ ሰዎች አሮጊቷ እኔ ነኝ ብዬ ነግሬ ነበር፤ ለልጆቹ ግን ይገረሙ ብዬ ዝም አልኩ።

ተገረሙ፣ እትዬ። አሮጊቷ ስትስቅ ማንም አልፈራም፤ እንዲያውም ሳቁ። ስትጮህም ሳቁ። ሣጥኗን ከፍታ ያንን ዜማ ማንጎራጎር ስትጀምር ግን አሥራ አራት ሕፃን ፊቱን ከሸራው አዙሮ እኔን አየ። ሁሉም ባንዴ። በጨለማ ውስጥ ዓይናቸው ይታየኛል። ከዚያ የሦስት ዓመቷ ሱንቫ፣ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ የነበረችው፣ የጋለ ምጣድ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ከላዬ ዘላ ወረደች። ከዚያ በኋላ ጩኸት ሆነ፤ የቀረውን ፊልም እኔም አላየሁትም።

ማክሰኞ ጋሪዎቹን ደርድሬ ማንጎራጎር ስጀምር የሆነውን ልንገርሽ? አንደኛው ጮኸ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ትልልቆቹ ከጋሪያቸው ካልወረድን ብለው ታገሉ። ሱንቫ ማሰሪያዋን ፈትታ በካልሲ በረዶው ላይ ሮጠች። ተከትዬ ስሮጥ ደግሞ ባሰባት፤ አሮጊቷ መጣች እያለች እሪ ብላ መንደሩን አዳረሰችው። አስቢው እስቲ! ያቺ ልጅ ስድስት ወር ሲሆናት ጀምሮ የተኛችው በእኔ ድምፅ ነው። እናቷ የባሕር ማዶ ሥራ ላይ ስትሆን፣ እኔ እቤቴ ወስጄ ያሳደርኳት ልጅ ናት።

መንደሩማ ወሬ አገኘ! የሱንቫ አባት ኤይዱን ሱቅ ውስጥ ሲያገኘኝ፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሣጥን ልትከቺ ነው ይለኛል፣ ሰው ሁሉ ይስቃል። ሚስቱ ግን አትስቅም። ልጄ ከአምስት ቀን ወዲህ ቀን አልተኛችም፣ ማታም እየባነነች ነው፣ ይህንን ለሕፃናት ይሆናል ያለው የትኛው ጭንቅላት ነው ብላ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ። እህቴ ናት ልበላት? ዋጥኩት። ወላጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ግማሹ እኛም በጭራቅ ተረት ነው ያደግነው፣ ማን ሞተ ይላል። ግማሹ ደግሞ የገና ፊልም ብለው ጠርተው ልጅ ሣጥን ውስጥ የሚዘጋበት ነገር ያሳያሉ እንዴ ይላል። ሐሙስ ስብሰባ አለ። ማላን ሁሉንም ላለማስቀየም ስትል እኔን ኩሽና ከተተችኝ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ልጽፍልሽ የነበረው አጭር ነው፤ ፊልሙ በገና ዋዜማ በቴሌቪዥን ከመውጣቱ በፊት ድምፄን ከዚያ ላይ አውጪልኝ፣ ካላወጣሽ እህት የለኝም። እንዲሁ በዚህ አፍ። ስብሰባውም ላይ ተነሥቼ፣ እኔ አንጎራጉሪ ተብዬ አንጎራጎርኩ፣ ጥፋቱ የእህቴ ነው ልል ነበር። ፖስታው ላይ አድራሻሽን ጽፌ ጨርሼ ነበር። ያልላክሁት በሱንቫ ምክንያት ነው።

ረቡዕ ዕለት ኩሽና ድረስ መጣች። ድንች ልጣጭ ትወዳለች፣ ረጅሙን መርጬ እሰጣት ነበር። በሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ እኔም እንዳላየኋት ሆኜ መላጤን ቀጠልኩ። ቆይታ ቆይታ ቀረብ አለች። አሮጊቷን ፈራሻት አልኳት። አልፈራኋትም፣ አሮጊቷ እኮ አንቺ ነሽ አለችኝ። ታዲያ ምንድነው የሚያስለቅስሽ ብላት፣ ልጅቷ ከውስጥ ስታንኳኳ ለምን አትከፍችላትም አለችኝ። የቷ ልጅ ብላት፣ ሣጥን ውስጥ ያለችው፣ አንቺ ስታንጎራጉሪ እሷ ታንኳኳለች፣ ማንም አይከፍትላትም አለች። ልጣጯን ተቀብላ ሄደች።

እኔ ማንኳኳት አላውቅም። እኔ የቀዳሁልሽ ዜማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልሙ ለጎረቤት መንደር ልጆች ድጋሚ ሲታይ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ በዚህ ጊዜ አዳራሹ ጸጥ ብሏል። ያንጎራጎርኩበት ቦታ ሲደርስ ሰማሁት። ከዜማው ሥር፣ ከሣጥኑ ውስጥ። ሦስት ጊዜ ኳ ኳ ኳ። ዝም። ከዚያ ሁለቴ፣ ድክም ብሎ። ዝም። ከዚያ እንደገና ሦስት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? እትዬ፣ እኔ ያንን አመታት አውቀዋለሁ። ዜማው ከእሱ ጋር ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው። ጋሪዎቹን ሳስተኛ ራሱ ጎናቸውን ሦስቴ መታ መታ፣ ቆየት ብዬ ሁለቴ አደርጋለሁ፤ ማን አስተማረሽ ብትይኝ፣ ዜማው እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።

ከአዳራሹ ወጥቼ ቀጥታ የአባታችን ቤት ጎረቤት ወደ እማማ ቱሪ ሄድኩ። ሌላ የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ነው። ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ አፋቸው ግን አሁንም ምላጭ ነው። ያንቺን ፊልም እየሰደብኩ፣ አሮጊቷ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ታንጎራጉራለች፣ ልጅቷ ከውስጥ ታንኳኳለች፣ ይህ ምን የሚሉት ነገር ነው እያልኩ ተቆጣሁላቸው። እሳቸው በሞኝነቴ ይስቁብኛል ብዬ ስጠብቅ ጽዋቸውን አስቀመጡ። እናታችሁ ክፉ ሰው አልነበረችም አሉኝ። ያን ጊዜ ሁላችንም እንዲያ ነበርን፣ ልጅ ካልታዘዘ ይዘጋበታል፣ እሷ ብቻ አይደለችም አሉ። እኔ የእማዬን ስም አላነሣሁም ነበር፣ እትዬ። አንድም ጊዜ አላነሣሁም። ከዚያ ወዲያ ብለምናቸው ወይ ፍንክች፤ ሊዘንብ ነው፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ አሉኝ።

ሄድኩ፣ ግን ወደ ቤቴ አልሄድኩም። የበግ ሥጋ በነፋስ ወደሚደርቅበት የእኛ ሳንቃ ቤት ሄድኩ። ደጃፉ ላይ አግዳሚው አሁንም አለ። እማዬ እዚያ ተቀምጣ፣ ሹራብ እየሠራች፣ እኔ እግሯ ሥር፣ ያንን ዜማ ስታንጎራጉር ይታየኛል። ጮክ አድርጋ ነበር የምታንጎራጉረው። በሕይወቴ ደስ ከሚለኝ ትዝታ አንዱ እሱ ነበር! ኳ ኳ የሚለው የላላ ሳንቃ ነው፣ ነፋሱ ነው እል ነበር። ነፋስ ቆጥሮ ይመታል? አምሳ አንድ ዓመት የሞላኝ ሴት፣ ነፋስ ሦስትና ሁለት ቆጥሮ እንደማይመታ ትናንት ገባኝ።

አሁን ስንቱን ልቁጠርልሽ። ጥቅምት ላይ ያመጣሁልሽን የደረቀ ሥጋ ከመኪናው ሳይወርድ ለሠራተኞችሽ ሰጠሽ፤ እኔ ከተማ ገብታ የሥጋ ሽታ ጠላች፣ ንቃን ነው ብዬ ለመንደሩ አወራሁብሽ። በእማዬ ቀብር ላይ እኔ ያንን ዜማ ስጀምር ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥተሽ መኪና ውስጥ ተቀመጥሽ፤ ልቧ ድንጋይ ነው ብዬ ሦስት ዓመት አኮረፍኩሽ። አንቺም አንድ ቃል አልተነፈስሽም። ለምን? በዚህ ነው የምቆጣሽ! የሆድን በሆድ ይዞ መቅበር ለማን በጀ? እኔ ጠላትሽ ነኝ? ለታናሽ እህቷ መንገር አቅቷት፣ ሄዳ ማንኳኳቷን ካርቱን ውስጥ ከትታ ለሕዝብ ሁሉ የምትናገር ሰው ከየት አገር መጣች? ያውም በእኔ አፍ! እዚያ ፍራሽ ክፍል ውስጥ አስገብተሽኝ፣ ምን እንደማደርግ ሳትነግሪኝ፣ እማዬን አስደረግሽኝ። ልክ እሷን ነው አልሽኝ እኮ። ልክ እሷን ነው ስትይ የካርቱኗን አሮጊት መስሎኝ!

እማዬንም ተቆጥቻታለሁ፣ መቃብሯ ላይ ሄጄ ነግሬያታለሁ፤ ሰው አይቶኝ ይሆናል፣ ምን በወጣኝ። የሚያናድደኝ አሁንም እወዳታለሁ። ሳንቃ ቤቱን የዘጋብሽ እጅ እኔን ፀጉሬን እያሻሸ ያስተኛኝ እጅ ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ልተወው ብል አልለያይ አለኝ።

ስለ ፊልሙ ከጠየቅሽኝ፣ አይ፣ ለትንንሾቹ አይሆንም። ጭራቅ ስላለበት አይደለም፤ ጭራቅ ለልጅ ምንም አይለው። የልጅቷ ጓደኞች መጨረሻ ላይ አይጥ ሣጥኑን ቦርቡሮ አወጣት ብለው ይጨፍራሉ፣ አዳራሹም ያጨበጭባል። ልጆቹ ግን የሚያስታውሱት ያንን አይደለም። ደጅ ብዙ ሰው ቆሞ እየሰማ ማንም እንዳልከፈተላት ነው የሚያስታውሱት። ሱንቫ በሦስት ዓመቷ የገባት ለእኔ አልገባኝም። ሐሙስ ስብሰባው ላይ ይህንኑ እናገራለሁ። ያንቺን ስም አላነሣም። እማዬንም አላነሣም። ያንጎራጎርኩት እኔ ነኝ፣ ከአምስት ዓመት በታች አታሳዩአቸው፣ ከፈለጋችሁ ኩሽና እቀመጣለሁ ብዬ እቀመጣለሁ። በቴሌቪዥን ይውጣ አይውጣ ግን አንቺ ወስኚ። ድምፄን አውጪ ማለቱን ትቼዋለሁ። ካስፈለገሽ ይኑር።

ቁጣዬ ያለቀ እንዳይመስልሽ፣ አላለቀም። ግን አንድ ነገር ሳልጽፍልሽ ፖስታውን ባሽገው አያስተኛኝም። ትናንት እዚያ ሳንቃ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ ዕድሜያችንን አሰላሁ። አንቺ ዘጠኝ ነበርሽ። እኔ ጨቅላ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ ልልሽ ፈልጌ ነበር። ሆኖም አግዳሚው ሥር ቀይ ቦት ጫማዬን አድርጌ ነው ትዝ የሚለኝ፣ እሱን ደግሞ አባዬ የገዛልኝ አራት ዓመት ሲሞላኝ ነው። በዚያው ዓመት ድመታችን ሥጋ ልትሰርቅ ገብታ በተዘጋባት ቁጥር ሄጄ የምከፍትላት እኔ ነበርኩ። መቀርቀሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ እትዬ። ለካሁት። ወገቤ ጋ ነው። ይደርሰኝ ነበር።

ፈጣሪ ደረትሽን ያሽልልሽ፤ ገናሽን በሰላም፣ በብርሃን ቤት ያውልሽ። ልትቆጪኝ ከመጣሽ በሬ ክፍት ነው፤ ቁልፍ አላደርግበትም።

ታናሽሽ